በገንዳው ላይ የዘረጋሁት ሸራ

ታኅሣሥ ሁለት ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ የገንዳው ማሽን ቀይ መብራት በራ። ሰዓቱን የማስታውሰው እንኳየሁ ወደ ውሃው የምትገባው አራት ሰዓት ላይ ስለነበረ ነው። ከዚያ በፊት ማሽኑን አይቼ «ዝግጁ ነው» እላታለሁ። የዚያን ቀን አላልኳትም፤ ወደ ውሃውም አልገባችም።

እንኳየሁ ባለቤቴ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆና ሠርታለች። በግንቦት 2014 ከክትባት ዘመቻ ከአዲ አርቃይ ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ድብ ባሕር አጠገብ ተገለበጠና ወገቧ ተጎዳ። እግሮቿ ጨርሰው አልሞቱም፤ ግን አይሸከሟትም ነበር። የሚያክማት ፊዚዮቴራፒስት ውሃ ውስጥ ሰውነቷ ስለሚቀል መራመድ መለማመድ ትችላለች አለን። ተኝታ ከቀረች ደግሞ ደሟ እንደሚረጋ፣ ሳንባዋም እንደሚደክም ነገረን። ይህን ሲል እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ከእሱ በፊት የምታውቀው ነገር ነበር።

ስለዚህ ለጉዳቷ የተከፈለው ካሳ ግቢያችን ውስጥ ገንዳ ሆነ። ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ ደረቷ ነው። የቧንቧ ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በቦቴ አስመጥተን ስንሞላው ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ አየን። በጎንደሩ የጥምቀት ገንዳ «ትንሹ ፋሲል» የሚል ስም አወጡለት። እንኳየሁ ሳቀች፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም።

የዱቄት ክሎሪን ደረቷን ስለሚዘጋባት ከጨው ክሎሪን የሚያወጣ ማሽን ከአዲስ አበባ አስመጣን። ማሽኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን አለው፤ ሴል የሚባለው ክፍሉ ደግሞ ቱቦው መሐል ይገባል። ገንዳው ውስጥ ጨው ይበተናል። ውሃው ሴሉ ውስጥ በተደረደሩት ስስ ብረቶች መካከል ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ከጨው ክሎሪን ያወጣል። የሁለት ዓመት ዋስትና ነበረው። ካርዱን በፕላስቲክ አሽጌ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አስቀመጥኩት።

በመጋቢት ስትጀምር የገንዳውን ወርድ አንዴ ለመሻገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ነበር። በመስከረም ርዝመቱን አሥራ አራት ጊዜ ትመላለሳለች። በጥቅምት መጀመሪያ ከገንዳው ወጥታ፣ የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ በደረቅ መሬት ሦስት እርምጃ ተራመደች። አራተኛውን እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ ፈርቼ ደግፌ ያዝኳት።

በዚያው ወር ጎረቤታችን አያ ወልደኢየሱስ የቤታቸውን ሁለተኛ ፎቅ ጨርሰው ለወጣቶች አከራዩት። ከሰገነቱ ላይ ሲቆሙ ገንዳችን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆቹ እንኳየሁን ሲያዩ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ እሷም ከውሃው ውስጥ ሆና ታውለበልብላቸዋለች። የሰው ሚስት በዋና ልብስ ስትታይ፣ ባሏም አጠገቧ ቆሞ ሲያይ፣ ሰፈሩ ምን እንደሚል ማንም ሳይነግረኝ ሰማሁት። ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠርኩ። ከላይ ደግሞ ሰማያዊ ሸራ ወጠርኩበት።

«ሃያ ስድስት ዓመት የጎንደርን ሰው ቂጥ በመርፌ ስወጋ ኖሬያለሁ» አለችኝ። «እነሱ የእኔን ትከሻ ቢያዩ ብድር መመለስ ነው።»

ሳቅሁ እንጂ እጄን አላቆምኩም። ሸራውን ሳስር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ታኬ፣ ፀሐይዋን ግን አትከልክለኝ» አለች። ጥላ ለውሃውም ጥሩ ነው አልኳት። የምለውን አምኜ ነው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛም ያወቅሁት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው። ካርቶኑ ሁሉ አንድ ነገር ይላል፦ ከፀሐይ አርቁ፣ በቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። መጋዘኔ ውስጥ አንድም መድኃኒት በሙቀት ተበላሽቶብኝ አያውቅም።

ኅዳር ሲገባ የውሃው ቅዝቃዜ አጥንቷ ድረስ እንደሚዘልቅ ነገረችኝ። ይለመዳል አልኳት። አሥራ አራቱ ምልልስ ወደ ስምንት፣ ስምንቱ ወደ አምስት ወረደ። ያኔ የደከማት መስሎኝ ነበር።

ቀዩ መብራት ሲበራ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «ጨው አንሷል» የሚል ነበር። ከአራዳ ገበያ አንድ ኩንታል ጨው ገዝቼ ጨመርኩ። መብራቱ አልጠፋም። በሳምንቱ ሌላ ኩንታል ልገዛ ስሄድ ባለሱቁ ሐምዛ ባሕር ልሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስተኛውን ስገዛ ግን አልቀለደም። ውሃውን በጣቴ ስቀምሰው አፍ ያቃጥላል፤ ማሽኑ ግን ጨው አነሰኝ ይላል።

አዲስ አበባ ወዳለው ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን የምታነሣው ሰሎሜ የምትባል ልጅ ነበረች። ድምፀ ለስላሳ ናት። መጀመሪያ ጨው ጨምሩ አለችኝ። ጨምሬያለሁ ስላት አጥፍታችሁ አብሩት አለች። አጥፍቼ አበራሁት። እንግዲያው ቪዲዮ ቀርጻችሁ በቴሌግራም ላኩልን አለችኝ። በኛ በኩል የስልክ ኢንተርኔት ከተዘጋ ወራት አልፎታል ስላት፣ ያለ ቪዲዮ የዋስትና ፋይል እንደማይከፈት ነገረችኝ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄጄ፣ የመስመር ኢንተርኔት ያለው ቢሮ ፊት ሁለት ሰዓት ቆሜ ላክሁት። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ፦ ሴሉን አጽዱት።

እንዴት እንደሚጸዳ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሴሉን ፈትቼ ሳወጣው ብረቶቹ ነጭ ቅርፊት ይዘዋል። የጎንደር ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወው ዓይነት ነው። የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት ዕድሜዬን ሙሉ በቢላ ፍቄ ነው የማነሳው። ሎሚ ጨምቄ አንድ ሌሊት ዘፈዘፍኩትና ጠዋት በቢላ ፋቅሁት።

እንኳየሁ አልጋዋ ላይ ሆና ድምፁን ሰማች። የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ አይተህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይቼዋለሁ አልኩ። እውነትም አንድ ጊዜ፣ ማሽኑ የመጣ ዕለት፣ እርሳስ ይዤ አንብቤው ነበር። ብረቶቹ ሲወልወሉ አበሩ፤ ደስ ብሎኝ አምጥቼ አሳየኋት። ጣቷን አስነካቻቸውና መለሰችልኝ።

መብራቱ ቀይ እንደሆነ ቀረ። በገና ሰሞን ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ተረከዟ ላይ መኝታ ያመጣው ቁስል ስለነበረ እዚያ ውሃ ውስጥ መግባት አትችልም። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ የዱቄቱን ክሎሪን በተንኩ። ሽታው በመስኮት ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ስትታፈን አደረች። ከዚያ በኋላ ድጋሚ አልሞከርኩም።

አንድ ማለዳ አያ ወልደኢየሱስ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ ውሃውን አዩት።

«ምነው ታከለ፣ ሸጋ ውሃ አልነበረ?» አሉኝ። «ከብት እንኳ አይጠጣው አሁንስ።»

ማሽኑ ተበላሽቷል አልኳቸው። እንኳየሁ ወደ ገንዳው ከወጣች ስንት ቀን እንደሆናት ጠየቁኝ። ሠላሳ ስምንት አልኳቸው። እየቆጠርኩ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ለሰሎሜ በየሁለት ቀኑ እደውል ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ባለሙያ በመኪና መላክ እንደማይችሉ፣ በአውሮፕላን ለመላክ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ሥራ አስኪያጁ በዓል ላይ ነበረ። ከበዓል ሲመለስ ስብሰባ ላይ ነበረ። ማሽኑ ለመዝናኛ እንዳልሆነ፣ የታመመች ሴት እንዳለች አስረዳኋት። «ይገባኛል ጋሼ» አለችኝ። የገባት ይመስለኛል። ፎርሙ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

ባለሙያው ጥር ሃያ አራት ቀን መጣ። ምስጋናው ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ትሕትና አለው። ጫማውን አውልቆ ገባና መጀመሪያ እንኳየሁን ሰላም አላት። እሷም በመስኮቱ እንድታይ አልጋዋን አስጠጉልኝ አለች፤ ሁለታችን ገፍተን አስጠጋናት። ከዚያ ወጥቶ ሸራውን ቀና ብሎ አየ፤ ቆርቆሮውንም ዞር ዞር ብሎ አየ። መሣሪያውን ሳይከፍት ከቦርሳው ቴርሞሜትር አውጥቶ ውሃው ውስጥ አስገባና ጠበቀ።

አሥራ አምስት ዲግሪ አነበበ።

ማሽኑ አልተበላሸም አለኝ። ውሃ ከአሥራ ስምንት ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ጨው ቢሞላውም ያነሰ ይመስለዋል፤ ያቆማል፣ ቀዩን መብራት ያበራል። የተሠራው እንደዚያ ነው። የጎንደር ውርጭ ሌሊት ያቀዘቀዘውን ቀን ፀሐይ ታሞቀው ነበር፤ ሸራው ሲወጠር የሚያሞቀው ጠፋ። ሸራውን አንስታችሁ አራት አምስት ቀን ብትጠብቁ ኖሮ ራሱ ይነሳ ነበር አለኝ።

መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም አልኩት። አምጡት አለኝ። ገጹን ገልጦ አሳየኝ። ስለ ውሃው ሙቀት የሚናገረው መስመር ሥር የእኔ እርሳስ ምልክት አለ። ቁጥሩን አንብቤዋለሁ። «ከዚህ በታች» የሚለውን እንደ መድኃኒቱ ካርቶን፣ ከዚህ በታች አስቀምጡት ማለት ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ሴሉን አውጥቶ ብረቶቹን ወደ ብርሃን ያዘ። ያኔ ፊቱ ተለወጠ።

«ይኼን ማን ፋቀው ጋሼ?»

«አጽዱት ብላችሁኝ።»

«በቢላ?»

ብረቶቹ ላይ በዓይን የማይለይ ስስ ቅብ እንደነበረ፣ ክሎሪኑን የሚያወጣው እሱ እንደሆነ፣ እኔ ቅርፊት ነው ብዬ አብሬ እንዳነሳሁት አስረዳኝ። ከእንግዲህ ውሃው ቢሞቅም ሴሉ አይሠራም። ፎርሙን አወጣና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሞላ። ምክንያት በሚለው ቦታ «የተጠቃሚ ስሕተት» ብሎ ጻፈ፤ ሲጽፍ ቀና ብሎ አላየኝም። በስልክ ያላችሁኝን ጻፍበት አልኩት። የስልኩ በፎርሙ እንደማይገባ ነገረኝ። ዋስትናው በዚያች መስመር አለቀ። አዲስ ሴል በገንዘቤ አዘዝኩ፤ ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል አለኝ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስቀመጥ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማሽኑም እንደኔ በርዶት ነው ለካ» አለች። «ሁለታችንም ነገርንህ።»

ከዚያ ባለሙያው ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ አሳሰበችኝ።

ምስጋናው ሲሄድ ሸራውን ቀደድኩት። ገመዱን መፍታት ይቻል ነበር፤ እኔ ግን ቀደድኩት። ቆርቆሮውንም ነቀልኩ። በማግስቱ እንኳየሁን በወንበር አውጥቼ ገንዳው ዳር አስቀመጥኳት። ልጆቹ ከሰገነቱ ላይ እጃቸውን አውለበለቡ፤ እሷም አውለበለበች። እግሯን ብቻ እንድነክርላት ለመነችኝ። ስለ ቁስሉ ብዬ እምቢ አልኩ። «ነርሱ አንተ ሆንክ እንግዲህ» አለች። በየቀኑ አወጣት ነበር፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አረንጓዴውን ውሃ ታያለች። እንዲህ ሃያ ሦስት ቀን ቆየን።

የካቲት አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ትንፋሽ አጠረኝ ብላ ቀሰቀሰችኝ። ሆስፒታል፣ ራሷ በሠራችበት ክፍል፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አረፈች። ከእግሯ የተነሣ የረጋ ደም ሳንባዋን ዘግቶት ነው አሉ። ሐኪሙ ብዙ መተኛት ያመጣው ነው አለኝ። ስለ ገንዳ ምንም አላነሳም፤ እኔም አልነገርኩትም። ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ያ የመኪና አደጋ ነው የገደላት እያለ ድብ ባሕርን ረገመ። አንድም ቀን አላረምኳቸውም። የቀደድኩት ሸራ በሰባተኛው ቀን ተሰፍቶ፣ የለቅሶውን ድንኳን ቀዳዳ ለመሸፈን ሲወጠር፣ ከሥሩ ተቀምጬ ነበር።

አዲሱ ሴል መጋቢት ሃያ ሰባት ቀን ደረሰ። ምስጋናው አምጥቶ ገጠመው። ጨው የበዛበትን ውሃ ግማሹን አፍስሶ በቦቴ አስሞላ፤ ሙቀቱንም ለካ፣ ሃያ ሁለት ነበር። አረንጓዴው መብራት በራ። ውሃው በአራተኛው ቀን ጠራ።