ነጋዴዎቹ የገቡበት

«ያቺ ናት» አለች የሟች እህት፣ ለባልየው ሻይ እያቀበለች። «በሩ ጋ የተቀመጠችው። እህቴን በሰው ፊት ያዋረደቻት።»

ባልየው ቀና ብሎ አየ። ሴትዮዋ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ጥጓን ይዛለች።

ከቀብሩ ወዲህ ሳሎኑ ሰው አልጎደለበትም። መምህራን እየመጡ ስለ ሚስቱ መጻሕፍት ያወራሉ፤ እሱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ሚስቱ የኢኮኖሚ ታሪክ ስትጽፍ እሱ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቆሞ ሽሮፕ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። የገበያን ታሪክ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት በሽንኩርት ዋጋ መከራከር አይሆንላትም ነበርና፣ አስቤዛም የሚገዛው እሱ ነበር።

ስሟን ያስጠራው መጽሐፍ ስለ አንዲት ጥንታዊ የገበያ ከተማ ነው። ከተማዋን ሰው አልባ ያደረጋት ድርቅ ነው ብላ ጻፈች፤ ተማሪ ቤትም እንደዚያው ተማሩት። ኋላ አንዲት ተማሪዋ፣ ይህችው በሩ ጋ የተቀመጠችው፣ ነገሩን ብትመረምረው፣ ነጋዴዎቹ የሸሹት ድርቁ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ቀረጡ አማርሯቸው።

ሚስቱ ጥናቱን ደጋግማ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«ልጅቷ ልክ ናት።»

«ታዲያ ዝም በያ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ጉባኤ ላይ ቆማ «ተሳስቻለሁ» አለች። ከዚያ በኋላ የሚጋብዛት ቀነሰ፤ ሲያያት መንገድ የሚሻገር ባልደረባም አልጠፋም። እሷ ግን ቀለል አላት፤ ከልጅቷ ጋር አዲስ ጥናት ጀመረች። ቂሙን የያዘው ባሏ ነው። «ያቺ ልጅ ደጄን እንዳትረግጥ» አለ። ሚስቱ አልተከራከረችውም፤ ወረቀቷን ሸክፋ እዚያው ልጅቷ ዘንድ ትሄድ ጀመር። አልጋ ከያዘች በኋላ በስልክ ያወሩ ነበር። እሱ ሲገባ፣ በገዛ ቤቷ፣ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

«ላስወጣት?» አለች እህትየው።

«ተያት።»

ሻዩን አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ። ሴትዮዋ ደንገጥ ብላ ተነሳች።

«ጋሼ፣ መምጣቴ ካስከፋዎት እሄዳለሁ። ከለቅሶዋ መቅረት አቅቶኝ ነው።»

እሱ እንድትቆይ በእጁ ምልክት ሰጣት።

«በስልክ ስለ ምን ነበር የምታወሩት?»

«ስለዚያችው ከተማ። ነጋዴዎቹ ከሸሹ በኋላ የት እንደገቡ ስንፈልግ ከረምን። መጨረሻ ላይ አገኘናቸው። የዚያን ቀን ሲያስቃት ዋለ።»

ያንን ሳቋን መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሰምቶት ነበር። ምን እንዳሳቃት ሳይጠይቅ ተመልሶ ሄደ።

«የት ገቡ?»

«ወሬው ረጅም ነው፣ ጋሼ። እንግዳ ይጠብቅዎታል።»

«እንግዳው ይቆያል። ነይ።»

ወደ መቀመጫው ይዟት ተመለሰ። ግራ ጆሮው ከደነቆረ ዓመታት አልፈዋል፤ ሚስቱ ሁልጊዜ በቀኙ ነበር የምትቀመጠው፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰው ያንን ወንበሯን እየተወ በሌላው ይቀመጣል።

«በዚህ በኩል ሁኚ» አላትና ወንበሩን በመዳፉ ጠረገላት።