ክዳኑን የከፈተው

እናቴ ሐጅ ልትሄድ ቀኗ ሲደርስ በካሻን ከተማ ያለውን ዘመድ አዝማድ በየቤቱ እየዞረች አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ስትል ሰነበተች። ያለዚያ ሐጇ ሐጅ አይሆንላትም። ደግነቱ በደልን መዘርዘር ግድ አይደለም፤ አውፍ በሉኝ ይባላል፣ ብለናል ይባላል፣ ሻይ ተጠጥቶ ይወጣል። ለፈሪ የተመቸ ልማድ ነው። ፈሪዋም እኔ ነኝ።

መጨረሻ የቀረችው የወንድሜ የናደር ሚስት ፊሩዜ ነበረች። አብሬያት ሄድኩ፤ በሯ ላይ ስንደርስ ከኋላዋ ቀረሁ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ ለአዲሱ ዓመት ምንጣፍ በሚታጠብበት ሳምንት፣ የፊሩዜ የሁለት ዓመት ልጅ ያኔ ሁላችን በምንኖርበት ግቢ ካለው የውሃ ገንዳ ገብቶ ሞተ። የእንጨት ክዳኑን ማን ከፍቶ ተወው ሲባል እናቴ ፊሩዜ ናት አለች። ፊሩዜ ጠዋት ውሃ ቀድታ ነበርና ራሷን ተጠራጠረች። ናደር ከዚያ ወዲህ ፊቷን በቅጡ አይቶ አያውቅም። እሷ ግን ከድናው ነበር። ኋላ ምንጣፌን ለማለቅለቅ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስልክ ሲጠራ ትቼው ገባሁ። እናቴ ተሳስታ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ፊሩዜ ሻዩን አቀረበች። እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም አውፍ በይኝ።»

ፊሩዜ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። «የማያውቁትን ብያለሁ እማማ። የሚያውቁትን ግን ይንገሩኝ።»

እንዲህ ተብሎ አያውቅም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ያኔ ገባኝ፤ አልተሳሳተችም፣ ክዳኑን ስከፍት አይታኛለች። ሃያ ዓመት የጠበቀችውን ጉዞ ታስባለች ወይስ እኔን?

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ሐጁ ይቅርብኝ» ብላ ሻርፗን ሰብስባ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ ፊሩዜ።»

ፊሩዜ አላለቀሰችም። እናቴን መልሳ አስቀመጠቻት። «ለእርስዎ ብያለሁ። እርስዎ እናት ነዎት» አለቻት። እኔን ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ማህሩኽ፣ አንቺ ገና አልጠየቅሽኝም።»

ጠየቅኳት። እናቴ ሐጇን አድርጋ ከተመለሰች ሁለት ወር ሆናት፤ እኔ በየሐሙሱ እየሄድኩ እጠይቃለሁ። ፊሩዜ ሻይ ትቀዳልኛለች፣ ቃሉን ግን አትለውም። ለናደር ትንገረው አትንገረው አላውቅም። ማምሻውን የናደር ቁልፍ በሩ ላይ ሲንቋቋ ብርጭቆውን በሁለት እጄ እይዛለሁ። ፊሩዜ እጄን ታያለች።