ቅዳሜ ትምጣ

ጋሪው አዳራሹ በር ላይ ሲቆም ልጃገረዶቹ ሙዝ የመጣላቸው መስሏቸው እየተጋፉ ወጡ። ሙዝ አልነበረም። በደረቀ የሙዝ ቅጠል ላይ አርሴማ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዓይኖቿ ተገልጠዋል፤ ማንንም ግን አያዩም። አባቷ አቶ እንድሪያስ ባርኔጣውን አውልቆ ለስመኝ እጅ ነሳ።

«ይኸው መምህር። ቅዳሜ ብለሽ ነበር፤ አመጣሁት።»

ስመኝ የአርሴማን ግንባር ስትነካው እሳት ነው። የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁማ፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ አባትየውን ከጎኗ አስቀምጣ ወደ ሆስፒታል ከነፈች።

ስመኝ መምህር እንኳ አይደለችም። ከደብረ ማርቆስ የመጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይከፍላት፣ ኩልፎ ወንዝ አጠገብ ባለች አዳራሽ የሴት ልጆች ክበብ ትመራለች። ከትምህርት የቀረችውን ቤቷ ድረስ ሄዳ ወላጅ ለምና ታስመልሳለች፤ አንገቷን የምትደፋውን ተነሺና ተናገሪ ትላለች። ከሁሉም አርሴማን ትወዳታለች። አርሴማ ለቲያትራቸው ልጁን ያለ ዕድሜዋ የሚድር አባት ሆና፣ በከሰል ጺም ስላ፣ ስታጓራ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። የዛሬው የመጨረሻው ልምምድ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ አርሴማን በአልጋ እየገፉ አስገቧት። ሁለቱ ደጅ ቀሩ። ስመኝ ንዴቷን መያዝ አቃታት።

«አቶ እንድሪያስ፣ እንዲህ እስክትሆን ምን ይጠብቃሉ? እናንተ ቀበሌ ጫኖ ጤና ጣቢያ የለም?»

ሰውየው ደነገጠ። «ደወልኩልሽ እኮ። ልጁ አሞታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ምን ይሻላል አልኩ። አንቺ ቅዳሜ አልሽ።»

ያኔ ነገሩ ገባት።

ሐሙስ ዕለት እውነትም ደውሎ ነበር። «ልጁ» ሲላት የአርሴማ ታናሽ ወንድም መሰላት። ያ ትንሽ ልጅ ባስነጠሰው ቁጥር አርሴማን አስታማሚ አድርገው ቤት ያስቀሯታል፤ ስመኝም በዚህ ቂም ይዛለች። ስለዚህ ቆጣ ብላ፣ «እግዜር ይማረው። አርሴማ ግን ቅዳሜ የግድ ትምጣ» አለችው። «ቅዳሜ?» አለ። «አዎ፣ ቅዳሜ» አለችና ዘጋችው። እዚህ አገር ጋሞኛ ተናጋሪው አማርኛ ሲያወራ ሴቱም ወንዱም «እሱ» ነው እያለች ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ስንት ጊዜ ስቃበታለች። በሚያስፈልጋት ቀን ትዝ አላላትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ባለፈው ነርስ አምጥተሽ የልጆቹን ዓይን ያሳየሽው ቅዳሜ ነው» አለ አቶ እንድሪያስ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ። «ሐኪሙ ቅዳሜ የሚመጣ መሰለኝ። እናቱ ትናንት እንውሰደው አለ። አልቅሶ ለመነኝ። እኔ ከለከልኩት። መምህሩ ያውቃል አልኩት።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። የሰማሁት ሌላ ነው፣ የታመመችው አርሴማ መሆኗን አላወቅኩም፣ የእርስዎም ጥፋት አይደለም፤ ይህን ሁሉ ልትለው ፈለገች። እሱ ግን እስካሁን በሙሉ ልቡ ያምናታል። ያንን እምነት ከፊቱ ላይ ስታየው ድፍረቷ ከዳት፤ ዝም አለች። ለዚያ ዝምታዋ ራሷን ጠላች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪሙ ወጣ። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶባት እንደነበር፣ አንድ ቀን ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ ሌላ ነገር እንደነበር በቀስታ ተናገረ። አቶ እንድሪያስ ባርኔጣውን መሬት ላይ ትቶ ወደ ልጁ ገባ።

የክበቡ ልጆች በእግራቸው ተከትለው መጥተው አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ስመኝን ሲያዩ ተነሱ፤ አንዷም ግን ልትጠይቃት አልደፈረችም። በዚያው ሰዓት የአርሴማ እናት አበቡ ከጫኖ ሴቶች ጋር ከሚኒባስ ወርዳ፣ ነጠላዋን እየጎተተች ግቢውን በሩጫ አቋረጠች። ስመኝና አበቡ ተያይተው አያውቁም። አበቡ አማርኛ አትችልም፤ ስመኝም በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ጋሞኛ እማር ብላ አታውቅም። ከልጆቹ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፋ የምትናገረው መክሊት ናት። ስመኝ ወደ እሷ ዞረችና የልጅቷን ትንሽ ፊት ስታይ፣ ይህን መርዶ በዚህች ልጅ አፍ አላስነግርም አለች በልቧ።

ራሷ ሄዳ አበቡ እግር ሥር ወደቀች። ቃል አላስፈለገም። እናትየው ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ አብረዋት የመጡት ሴቶች ተቀበሏት፤ ልጃገረዶቹ አጥሩን ይዘው አለቀሱ። ስመኝ ከወደቀችበት አልተነሳችም።

ጩኸቱ በረድ ሲል አበቡ ቀና ብላ፣ የቆሙትን ነርሶችና ሴቶች አንድ በአንድ እያየች የሆነ ነገር ደጋግማ ጠየቀች።

«ምን አለች?» አለች ስመኝ።

መክሊት እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «‹ቅዳሜ ያለችው መምህር የትኛዋ ናት?› ትላለች።»

«እኔ ነኝ በያት።»

መክሊት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸች።

«መክሊት፣ እኔ ነኝ። ንገሪያት።»

ልጅቷ አንዴ እግር ሥር የወደቀችውን፣ አንዴ የአርሴማን እናት አየች። ከዚያ አበቡ አጠገብ ቁጢጥ ብላ እጇን ያዘችና በጋሞኛ ረጅም ነገር ነገረቻት። ስመኝ የገባት ቃል አልነበረም፤ ልጅቷ እውነቱን ትንገራት ወይ ትሸፍንላት ማወቅ አልቻለችም። አበቡ እያዳመጠች ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ጎንበስ አለችና ስመኝን ከመሬት አንስታ አቀፈቻት።