የጭነቱ አናት

የወንድሜ የሃርላን መኪና ጭነቷን ይዛ ከግቢ ስትወጣ አባቴ ኮፍያውን አውልቆ አውለበለበላት። ዕድሜውን ሙሉ ትምባሆ ያመረተ ሰው ስለሆነ ጭነት የሚሸኘው እንዲህ ነው። እኔ ግን መኪናዋ ከዓይኔ እስክትጠፋ ቆሜ ተከተልኳት።

የጫነው ሄምፕ ነው፤ ሄምፕ በፈቃድ የሚመረት ተክል ቢሆንም የሐሺሽ ሥጋ ዘመድ ነው። ከሺህ ሦስት እጅ በላይ የሚያሰክር ነገር ከተገኘበት መንግሥት ዝምድናውን አጥብቆ ሐሺሽ ይለዋል፤ የጫነውንም ያስረዋል። ሃርላን ደግሞ እዚሁ ኬንታኪ፣ ኮረብታ ላይ ሐሺሽ ሲያበቅል ተይዞ ስድስት ዓመት ታስሮ በአመክሮ የወጣ ሰው ነው። የእርሻ ፈቃዱን በስሜ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ዛሬ ጭነቱን ለገዢ ለማድረስ ከግዛቱ ለመውጣት እንኳ አስፈቅዶ ነው የሄደው። አንዲት ጥፋት ከተገኘችበት ወደ እስር ቤቱ ይመለሳል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ምንጩ ወረድኩ። እዚያ ዳር ያለው መደብ ረግረግ ስለነበር በጊዜው አልታጨደም። የመንግሥት ሰው ናሙና ከወሰደ በኋላ በአሥራ አምስት ቀን ካልታጨደ ደንቡ እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ ተክሉ በቆመ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራላ። አባዬን አቃጥለው ብዬው ነበር። አሁን ሳየው ጉቶ እንጂ አመድ የለም። እየሮጥኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

«አባዬ፣ የምንጩን ዳር አላቃጠልከውም?»

«እብድ ነኝ እንዴ ልጄ? የእርሻው ቁንጮ እኮ እሱ ነው፤ አበባው ቡጢ ያክላል። አድርቄ ጠዋት ሃርላን ቁርሱን ሲበላ ጭነቱ አናት ላይ ደረደርኩት።»

«ቀኑ አልፎበታል እኮ!»

«በሰለ በይ። እናንተ ጥሬውን ታጭዱና ቀን ትቆጥራላችሁ። ትምባሆም ቢሆን ምርጡ ከላይ ነው የሚሆነው፤ ገዢ ሲከፍት ዓይኑ እዚያ ላይ ይረፍ።»

ደወልኩ። አያነሳም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሃርላን መሪ ይዞ ስልክ አይነካም። ደጋግሜ ደወልኩ። አባቴን በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ እሱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ፖም ይልጣል።

በመጨረሻ ራሱ ደወለ።

«ዴልፊያ፣ አትደንግጪ። ድንበሩን እንደተሻገርኩ ፖሊስ አስቆመኝ። ፈቃዱንም የምርመራውንም ወረቀት አይቷል። አሁን ጭነቱን ልይ እያለ ነው። ባለፈቃዷን ላናግር ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ይሰማሻል።»

የፈሩት ይደርሳል። አትክፈት ብል መናዘዝ ነው፤ ክፈት ብል ወንድሜን በእጄ መስጠት ነው። 

«እ… ከኋላ በኩል ክፈትለት» አልኩ። «ከታች ያለውን ይይ።»

«ለምን ከታች?» አለ የማላውቀው ድምፅ።

 አባዬ ቢላዋውን አስቀምጦ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ከላዩን አሳየው ልጄ! እኛ የምንደብቀው ነገር የለንም። አናቱን ክፈትለት!»

ሸራው ሲገፈፍ ተሰማን። ከዚያ ሃርላን አየሩን ሳብ አድርጎ ሲያሸት ሰማሁት። ያንን ሽታ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ስድስት ዓመት ያስበላው እሱ ነው።

«እህ?» አለ አባዬ። «ወደደው?»



«ወደደው አባዬ» አለ ሃርላን፣ በቀስታ። «ትልቁን አበባ መርጦ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት እያሸገው ነው።»

አባዬ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«አላልኩሽም?» አለኝ።