የሽመክት ኤርፖርት

ባሌ ሽመክት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ጭነት ሲያመላልስ ዓመታት አልፈውታል። ስለዚህ "ኤርፖርቱን ለእኔ ተዪው፤ በመጣሁ ቁጥር አውሮፕላን ሲያርፍ አያለሁ" ሲለኝ አመንኩት። እኔም እዚህ አገር የገባሁት በመኪና ነው፤ ሃያብለ ሰፈር ካለው የአሠሪዎቼ ቤት ከገበያ በቀር ወጥቼ አላውቅም።

መኪናው ውስጥ ጭኔ ላይ፣ አዲስ አበባ የቀረችው የልጃችን የሰብሊ የመርፌ መድኃኒት አለ። አዲስ አበባ ተፈልጎ ጠፋ፣ እዚህ ተገኘ። ሐኪሙ ከነገ ማታ እንዳያልፍ ብሏል። የፋርማሲው ሰውዬ በበረዶ ጠቅልሎ በከረጢት ሲሰጠኝ ከሞቀ እንደሚበላሽ አስጠነቀቀኝ። ዛሬ አዲስ አበባ የምትበረው ነጋዴ እትዬ ፋጤ ልትወስድልኝ ኤርፖርቱ በር ላይ ትጠብቀኛለች።

ሽመክት ከባድ መኪናውን ከከተማው ዳር አስነሳና ከአስፋልቱ ወደ አቧራው ታጠፈ። ሽቦ አጥር አየሁ። መሣሪያ የያዘ ወታደር እጁን እያወናጨፈ አስቆመን።

"ኤርፖርት" አለ ሽመክት፣ ደረቱን ነፍቶ።

"ይሄ የወታደር ነው! ኤርፖርት አምቡሊ! ከተማ! ተመለስ!"

ባሌን አየሁት። አንገቱን ደፋ።

"አንተ ሰው፣ ልጄን ገደልካት!" አልኩት። አሁንም ቢሆን አልጸጸትም።

የከባድ መኪኖች ማቆሚያው ፒኬ ዱዝ ስንደርስ ከባድ መኪና በቀን ከተማ አይገባም ተባለ። ዘልዬ ወርጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሾፌሩን በአማርኛም፣ በምችላት ሶማሊኛም ለመንኩት፤ ጫቱን ያኝካል። ባልባላ ሰፈር ላይ በየማዕዘኑ ቆመ። ከረጢቱ እየራሰ ቀሚሴን አረጠበው፤ በየጊዜው እየዳሰስኩ አለቀስኩ።

አምቡሊ ስደርስ በሩ ላይ እትዬ ፋጤ የለችም። ዘበኛው ያለ ትኬት አላስገባም አለኝ። ስልኳ ተዘግቷል። እግሩ ላይ ወድቄ ስለምን አውሮፕላኑ ከጀርባው ተነሳ። አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ለምኜ አላውቅም።

ለሽመክት ደወልኩ።

"ሄደ" አልኩት።

 ብረት ሲጋጭ ሰማሁ።

"ምንድነው እሱ?"

"ተሳቢውን እየፈታሁ ነው። ቀለል ብዬ ሌሊቱን ከነዳሁ ነገ ሳይመሽ አዲስ አበባ እደርሳለሁ። ብቻ በረዶ ገዝተሽ ነይ።"

"ጭነቱስ? ሥራህስ?"

"ውብነሽ፣ በረዶ ግዢ።"

ከዓሣ ሻጮች በረዶ ገዝቼ ተመለስኩ። ፒኬ ዱዝ ላይ መኪናው ያለ ተሳቢው ቆሟል፤ ጭነቱ ጥግ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ሽመክት ከረጢቱን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

አልሰጠሁትም። አሠሪዎቼ ምሳ እንድሠራላቸው እየጠበቁኝ ነው፤ ፓስፖርቴም እነሱ ጋ ነው። ከረጢቱን ከነበረዶው ደረቴ ላይ አቅፌ መኪናው ላይ ከጎኑ ወጣሁ።

"አንተ መንገድ አታውቅም" አልኩት። "ንዳ።"