ከማይኩ አንድ ክንድ ርቆ

ጎንፋ የ«ሦስት ገመድ» ባንድ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ነው። ባንዱን በ1997 ዓ.ም. መቱ ላይ የመሠረቱት ሦስት የክፍል ጓደኛሞች ነበሩ፤ እሱ፣ ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ሴናና ድራም መቺው ኪቲላ። ፈጣንና ጮክ ያለ፣ አዝማቹን ግን ሕፃን ልጅ እንኳ ወዲያው የሚይዘው ሮክ ይጫወታሉ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አሳታሚ ኖሯቸው አያውቅም። ካሴቱን ራሳቸው ቀድተው፣ መናኸሪያ ላይ ራሳቸው እያዞሩ ሸጠው ነው ሃያ ዓመት የዘለቁት።

በስድስተኛው ዓመት ኖፓ ላይ ሰርግ ሊጫወቱ ተጠርተው ነበር። ዝናቡ አባርቷል፣ ሣሩ ግን ገና አልደረቀም። ጎንፋ ጊታሩን እንደያዘ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪክ ያዘው። ሊጮህ ፈለገ፤ መንጋጋው አልከፈት አለ። ጣቶቹ ክሮቹ ላይ ተጣበቁ። ኪቲላ የእንጨት በርጩማ አንስቶ ማይኩን መትቶ ባይጥለው ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር።

«ደህና ነህ?» አለው ኪቲላ።

«ደህና ነኝ፣ እንቀጥል» አለ። ያ ሁሉ ሰርገኛ እያየው ፈሪ መባል አልፈለገም።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ደህና ሆኖ አያውቅም። መድረክ ከመውጣቱ በፊት ከመኪናው ጀርባ ሄዶ ያስመልሰዋል። ሲዘፍን ከማይኩ አንድ ክንድ ርቆ ይቆማል፤ ድምፁ እንዲደርስለት ደግሞ ይጮኻል። ሰዉ ጩኸቱን ወደደው። ከጎሬ እስከ በደሌ እንደሱ ርቀው ቆመው የሚጮኹ ጎረምሶች በዙ። እሱም «ስታይሌ ነው» እያለ አሥራ አራት ዓመት አለፈ።

አምና ከጎሬ ወዲያ ባለችው ቡሬ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እንዲጫወቱ ተጠሩ። ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጀመረ። የጎንፋ ዓይን እንደ ሁልጊዜው የኤሌክትሪኩ ገመድ ላይ ነው። የገመዱ መጋጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሎ እርጥብ ሣር ውስጥ ተኝቷል። ሊናገር አሰበ፣ ፈሪ እንዳይባል ተወው። ኪቲላ አራት ቆጠረና ጀመሩ። ጎንፋ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሴና ግን አዝማቹን ልትቀበል ቤዟን እንደያዘች ከንፈሯን ወደ ማይኩ አስጠጋች።

«እንዳትነኪው!»

ጎንፋ ዘሎ ሶኬቱን ነቀለው። ሜዳው ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ፉጨቱ መጣ። አዘጋጁ አቶ ደቅሲሳ እየሮጡ ደረሱ።

«ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ?»

«ሶዳዴ» አለ ጎንፋ። «ፈራሁ፣ ጋሼ። ይገድላታል ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ የኖፓውን ቀን፣ ማስመለሱን፣ ርቆ የሚቆምበትን ምክንያት እዚያው ቆሞ ዘረገፈው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ የሴናን ማይክ ፈተሸ። ምንም አልነበረበትም። ኪቲላ ሊስቅ ሲል የሴናን ፊት አየና ተወው።

«አሥራ አራት ዓመት» አለች ቀስ ብላ። «አንተ ርቀህ ስትቆም እኔ አጠገብህ ከንፈሬን ብረቱ ላይ ለጥፌ እዘፍን ነበር። አላየኸኝም?»

«አይቼሻለሁ። ሁልጊዜ።»

«ታዲያ?»

ጎንፋ መሬት መሬቱን አየ። «ፈሪ ከምባል አንቺን ማጣት የሚሻለኝ ይመስል ዝም አልኩ» አለ።

ሴናና ኪቲላ መጋጠሚያውን አንስተው ደረቅ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጎንፋ ማንም ሳያዘው ቀድሞ ሄዶ ማይኮቹን አንድ በአንድ በእጁ ጀርባ ነካ። ከዚያ ተጫወቱ። ሁለት ቦታ ተሳሳተ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውት ነበር።

ወደ መቱ ሲመለሱ ኪቲላ ይነዳል፤ ሴና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀምጣለች።

«ሌላስ ምን ትፈራለህ?» አለችው ሳትዞር።

«ምንም» ሊል ነበር። «ይሄን መንገድ» አለ። «በተለይ ኪቲላ ሲነዳ። ድምፄ እንዳይጠፋም እፈራለሁ። ደግሞ አንቺ ትተሽን እንዳትሄጂ።»

ኪቲላ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«የመጨረሻውን ፍራ» አለች ሴና። «ገና አልወሰንኩም።»