ለጠላቂው ልጄ የመረጥኩለት ሲሊንደር

በ1973 ዓ.ም. ናዝሬት ውስጥ ከእኔ ከባጫ በላይ አሉሚኒየም የሚያውቅ ካለ ይምጣ እል ነበር። ሃያ ዓመት ድስት ቀጥቅጫለሁ። ልጄን ገመቹን ልጠይቅ ዝዋይ የሄድኩ ዕለትም ይሄው ጉራዬ አብሮኝ ነበር።

ገመቹ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የሰለጠነ ጠላቂ ነው። ከዚያ ተሰናብቶ አንድ የመንግሥት እርሻ የውኃ ፓምፕ ላይ ተቀጥሯል። ያን ሰሞን ሐይቁ ውስጥ ያለውን የቧንቧ አፍ የዓሣ መረብ ተብትቦት የሽንኩርቱ ማሳ ደርቋል። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተክለሃይማኖት፣ «ዛሬ ካልከፈትከው ሌላ ጠላቂ አስመጣለሁ፤ አንተ ጥበቃ ትሆናለህ» ብለውታል። ልጄን! ጥበቃ!

ሐይቁ ዳር ስደርስ ጠላቂ አዝሎ የሚተነፍስባቸው ሁለት የአየር ሲሊንደሮች ቆመዋል፤ አንዱ የብረት፣ ሌላው አዲስ አሉሚኒየም። ገመቹ የብረቱን ሊያዝል ነው።

«ምን ነካህ? ይሄን ተሸክመህ ልትሰምጥ ነው? አሉሚኒየሙን አንሳ፤ ቀላል ነው» አልኩት።

«አባዬ፣ ውኃ ውስጥ ግን...»

«ስለ አሉሚኒየም እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

በጣቴ ኳ ኳ አደረግኩት እንጂ አንስቼ እንኳ አልመዘንኩትም። አንስቼው ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ክብደቱ ከብረቱ እንደሚብስ አውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ሠራተኛውም ቆመው ይሰማሉ። ገመቹ አየት አደረገኝና «ቶሌ፣ እርስዎ እንዳሉ» ብሎ አሉሚኒየሙን አዘለ።

ብዙ ቆይቶ ብቅ ሲል ከመረቡ የተቆረጠው ገና ግማሹ ነበር። አሉሚኒየሙ መሬት ላይ ቢከብድም ገላው ትልቅ ስለሆነ፣ አየሩ እያለቀ ሲሄድ ወደ ላይ ይጎትተዋል። እንዲያሰምጠው ወገቡ ላይ የታጠቀው የእርሳስ ክብደት አልበቃውም፤ ትርፍ እርሳስ ደግሞ የለም። በአንድ እጁ ቧንቧውን ይዞ በአንድ እጁ መረብ መቁረጥ አቃተው። ሲሊንደሩን አውልቆ ሲለቀው እንደ ቅል ተንሳፈፈ።

«አልቻልክም ማለት ነው» አሉት ሥራ አስኪያጁ።

ልጄ አንገቱን ደፋ። አባቴ ነው ያስመረጠኝ አላለም።

«ጓድ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እሱ የብረቱን መርጦ ነበር፤ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። እኔ የማውቀው ድስት ነው፤ ውኃ አላውቅም።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲያው አንድ ጊዜ ይሞክር» አሉ።

የብረቱን ሳሸክመው ገመቹ በጆሮዬ፣ «ይሄ ባዶ ሲሆንም አይንሳፈፍም፣ አባዬ» አለኝና ገባ። ዳር ቆሜ አረፋውን አየሁ። አሁን አሁን ይነቃነቃል ስል፣ አረፋው ከነበረበት ቦታ ፈቀቅ አላለም። ሲወጣ የመረቡን ቁራጭ በክንዱ ጠምጥሞ ነበር። ፓምፑ ተነሣ፤ ቦዩ ሞላ፤ የሽንኩርት አራሚዎቹ ሴቶች እልል አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብለው፣ «አባት፣ ይሄ ዕውቀት ከእርስዎ የወረሰው ነው መሰለኝ» አሉኝ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም!» አልኩ። በዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ ኮርቼ የተናገርኩት ቃል የለም።